መሮንና መላጊያን መሳል፦ ለሰበካ የእንጨት ሥራ ክፍሎች የቀረበ ማብራሪያ

ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች ከሚቀርቡ የበጀት ጥያቄዎች መካከል «የእንጨት ሥራ መሣሪያዎቹ አርጅተዋልና አዲስ ይገዛልን» የሚለው ተደጋግሞ ይሰማል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ፣ ከውሳኔው በፊት የመሣሪያውን ሣጥን ከፍቶ ማየት መልካም ነው። ብዙ ጊዜ የመሮዎቹ ብረት ገና ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ርዝመት አለው፤ እጀታቸውም አልተሰነጠቀም፤ የመላጊያው አካል ደኅና ነው። የጠፋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ስለታቸው ነው። በዚያው ሣጥን ውስጥ መዶሻ፣ መጋዝ፣ እስኳድራና ሞርሳ ሲገኙ፣ የመሳያ ድንጋይ ግን አይገኝም።

መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 10 ቁጥር 10 ላይ ስለ ደነዘ ብረት ይናገራል፤ ብረቱን ያልሳለ ሰው በጉልበቱ ብዛት ለማካካስ እንደሚገደድ ያስተምራል። ይህ በማንኛውም የአናጢ የሥራ ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ የሚታይ እውነት ነው። የተሳለ መሮ በእጅ ግፊት ብቻ የሚያነሣውን ቀጭን ፍቅፋቂ፣ የደነዘው በመዶሻ ተመትቶም አያነሣውም። ጉልበት በበዛ ቁጥር ደግሞ መሮው ከታሰበለት መስመር ይወጣል፤ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ከዚያም አልፎ የሠልጣኙን ግራ እጅ ያገኛል። «ስለታም መሣሪያ አደገኛ ነው» የሚለው አነጋገር ለሕፃናት ይጠቅም ይሆናል፤ በእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ግን ይበልጥ የሚያቆስለው የደነዘው ነው።

ጉዳዩ የገንዘብና የደኅንነት ብቻም አይደለም። በብዙ አጥቢያዎች የእንጨት ሥራ የሚማሩት የአብነት ተማሪዎችና ሥራ የሌላቸው የአካባቢው ወጣቶች ናቸው። ሠልጥነው ሲወጡ አብሯቸው የሚሄደው ሀብት ጥቂት መሣሪያና የእጃቸው ሙያ ነው። መሳል ሳይማር የወጣ ወጣት፣ መሣሪያው በደነዘበት ቀን ሙያውም አብሮ ይደነዝዛል። የምንሠራበት እንጨትም ቀላል አይደለም። ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ለጣውላ እስኪደርሱ ረጅም ዘመን ይወስዳሉ፤ በደነዘ መላጊያ የተቦጫጨቀ አንድ ጣውላ የብዙ ዓመት እድገትን ያባክናል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የመሮና የመላጊያ ምላጭ እንዴት እንደሚሳል፣ ምን እንደሚያስፈልግና የሰበካው ኮሚቴ ምን ማድረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል ያብራራል።

ስለት ምንድን ነው?

የመሮ ስለት ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት መስመር ነው። አንደኛው ጠፍጣፋው ጀርባ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄደው ሰያፉ ፊት ነው። ሁለቱ ፊቶች ሲገናኙ በመካከላቸው ምንም ድልድል ወይም ክብ ጠርዝ ካልቀረ መሣሪያው ስል ነው። ሲሠራበት ግን ይህ መስመር ቀስ በቀስ ይከብባል፤ በዚያን ጊዜ ደነዘ እንላለን። መሳል ማለትም ሁለቱ ፊቶች እንደገና በአንድ ቀጭን መስመር እስኪገናኙ ድረስ የከበበውን ብረት ማስወገድ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ሰያፉን ፊት ብቻ መሞረድ በቂ አለመሆኑ ነው። ጀርባው በጭረት ከተሞላ፣ ሰያፉ ምንም ቢወለወል ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸራረፈ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ከሱቅ የተገዛ አዲስ መሮ ለሥራ የተዘጋጀ አለመሆኑ ነው። ፋብሪካው ብረቱን በማሽን ቀርጾ መልኩን ያስይዘዋል፤ የማሽኑ ጭረት ግን በጀርባውም በሰያፉም ላይ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ለሠልጣኞች ከመታደሉ በፊት የመጀመሪያውን መሳል ማግኘት አለበት። አዲሱ መሮ በመጀመሪያው ሳምንት «አልቆርጥ አለ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የገጠሩ ወገናችን ማጭዱንና ቢላዋውን በወንዝ ድንጋይ ስሎ ይሠራበታል፤ ለዚያ ሥራም በቂ ነው። ማጭድ ጎባጣ ነው፤ የቢላዋም ስለት ትንሽ ቢጎብጥ ሥጋና ሽንኩርት ከመቁረጥ አይከለክለውም። የመሮና የመላጊያ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ቀጥ ያለ መስመርና ጠፍጣፋ ጀርባ ስለሚፈልጉ፣ በመካከሉ የጎደጎደ ድንጋይ እነርሱን ያበላሻቸዋል።

የሰያፉ ማዕዘን

ሰያፉ ፊት ከጀርባው ጋር የሚሠራው ማዕዘን የመሣሪያውን ጠባይ ይወስናል። ማዕዘኑ ሲጠብ ስለቱ በቀላሉ ይገባል፤ ነገር ግን ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሸራረፋል። ማዕዘኑ ሲሰፋ ስለቱ ይበረታል፤ ለመግባት ግን ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። በዓለም ዙሪያ አናጢዎች በልምድ የተስማሙበት መካከለኛ መንገድ፣ ሰያፉን በ25 ዲግሪ ቀርጾ ጫፉን ብቻ በ30 ዲግሪ ማሳል ነው። ይህ ለአብዛኛው መሮና ለተለመደው የመላጊያ ምላጭ ያገለግላል። በእጅ ግፊት ብቻ ለሚሠራ ቀጭን መሮ 25 ዲግሪ ይበቃል። በመዶሻ እየተመታ ሽንቁር ለሚቆፍር መሮ ግን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይሻላል፤ በተለይ እንደ ወይራ ባለ ጠንካራ እንጨት ላይ የሚሠራ ከሆነ።

ጫፉን ብቻ በ30 ዲግሪ ማሳል ያለው ጥቅም ጊዜ መቆጠብ ነው። ሰያፉን በሙሉ በደቃቅ ድንጋይ መወልወል ብዙ ብረት ማንሣትን ይጠይቃል። ጫፉ ላይ ያለችውን ጠባብ መስመር ብቻ ማደስ ግን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ማዕዘን መለኪያ ለሌለው የሥራ ክፍል አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የብረቱን ውፍረትና የሰያፉን ፊት ርዝመት በማስመሪያ መለካት ነው። የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ 2 እጥፍ ከሆነ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ነው። 2.4 እጥፍ ገደማ ከሆነ ደግሞ 25 ዲግሪ ነው። ለምሳሌ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ መሮ ሰያፉ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን 30 ዲግሪ፣ ከ7 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ 25 ዲግሪ ማለት ነው። ሰያፉ ከውፍረቱ እምብዛም የማይበልጥ መሮ ካገኛችሁ፣ በግምት ሲሞረድ የኖረና ማዕዘኑ ከመጠን በላይ የሰፋ መሆኑን ዕወቁ።

የመሳያ ድንጋዮች

የመሳያ ድንጋይ ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ ከብረት የጠነከሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ብረቱን ይፍቃሉ። ቅንጣቶቹ ትላልቅ ሲሆኑ ድንጋዩ ሸካራ ነው፤ ብዙ ብረት በፍጥነት ያነሣል፤ ጥልቅ ጭረትም ይተዋል። ቅንጣቶቹ ሲደቁ ድንጋዩ ጥቂት ያነሣል፤ ነገር ግን ይወለውላል። ሻጮች ይህን በቁጥር ይገልጹታል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድንጋዩ ይደቃል። ለሥራ ክፍል ሦስት ደረጃዎች ይበቃሉ፤ የተሸራረፈን ለማስተካከል ከ200 እስከ 400፣ ለመደበኛ መሳል 1000 አካባቢ፣ ለመወልወል 4000 ወይም ከዚያ በላይ።

በገበያ የሚገኙት ዓይነቶች አራት ናቸው።

የዘይት ድንጋይ፦ ይህ ጠንካራና ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ነው። አንደኛው ፊቱ ሸካራ፣ ሌላው ደቃቅ ሆኖ የሚሸጠው በብዙ የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ይገኛል። በላዩ ላይ የሚደረገው ዘይት የተፋቀውን ብረት አንሳፍፎ የድንጋዩ ቀዳዳዎች እንዳይደፈኑ ያደርጋል። ለዚህ የሚስማማው ቀጭኑ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ነው። የኑግም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት አይደረግበትም፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ድንጋዩን ይደፍነዋል።

የውሃ ድንጋይ፦ ፈጥኖ ይሠራል፤ ዘይትም አይፈልግም። ሸካራውና መካከለኛው አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ በውሃ ይነከራል፤ ለዚህም 10 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ጉድለቱ ለስላሳ በመሆኑ ፈጥኖ መጎድጎዱ ነው። ውሃ የጠጣ ድንጋይ በውርጭ ሊሰነጠቅ ስለሚችልም፣ እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ደጋዎች ውጭ ማሳደር አይገባም።

የአልማዝ ሳህን፦ በጠፍጣፋ ብረት ላይ የአልማዝ ቅንጣት የተለበጠበት ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ነገር ግን ጠፍጣፋነቱን አያጣም፤ ሌሎች ድንጋዮችንም ለማስተካከል ያገለግላል።

በመስተዋት ላይ የተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት፦ በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጀምር አጥቢያ ይህ ከሁሉ የሚመረጥ ነው። ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የመስተዋት ቁራጭ ከመስተዋት ቤት አስቆርጦ ጠርዙን ማለስለስ፣ ከዚያም ውሃ የማይበትነውን ዓይነት ወረቀት በቁጥር 220፣ 400፣ 800፣ 1200ና 2000 ማዘጋጀት ነው። ወረቀቱ በጥቂት ውሃ መስተዋቱ ላይ ይጣበቃል። በወረቀት ላይ ሲሳል ብረቱ ወደ ራስ ብቻ ይሳባል፤ ወደ ፊት ከተገፋ ስለቱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ወረቀት ቶሎ ስለሚያልቅ በረጅም ጊዜ ከድንጋይ ይልቅ ሊያስወጣ እንደሚችል ግን ማሰብ ይገባል።

የትኛውም ድንጋይ ቢመረጥ ጠፍጣፋነቱ መጠበቅ አለበት። በእርሳስ በድንጋዩ ፊት ላይ መስመሮችን ማስመር፣ ከዚያም ድንጋዩን በመስተዋት ላይ በተዘረጋ ቁጥር 220 ወረቀት ማሸት ነው። የእርሳሱ መስመር በሙሉ ሲጠፋ ድንጋዩ ተስተካክሏል። መስመሩ በመካከል ቀርቶ በዳርና በዳር ከጠፋ፣ መካከሉ ጎድጉዷል ማለት ነውና መታሸቱ ይቀጥላል። ጠባብ መሮ የሚስል ሰውም አንድ ቦታ ላይ ብቻ እንዳይመላለስና ድንጋዩን ቦይ እንዳያወጣበት፣ ከዳር እስከ ዳር እየተዘዋወረ ይሳል።

ማዕዘን ጠባቂው መያዣ

በድንጋይ ላይ መሮን በእጅ ብቻ ይዞ ሲስሉ ትልቁ ችግር ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሄድ የእጅ አንጓ አብሮ መወዛወዙ ነው። በዚህም ሰያፉ ፊት ይጎብጣል፤ ማዕዘኑ በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ብረቱ እየተሞረደ የማይስል ይሆናል። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩ ባለሙያዎች ይህን በእጃቸው ልማድ አሸንፈውታል። ሠልጣኝ ግን ያን ልማድ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ እስከዚያም ድረስ ብዙ ብረት ያበላሻል።

ለዚህ የተሠራ አነስተኛ መሣሪያ አለ። መሮውን ወይም ምላጩን ከጎንና ከጎን በብሎን አጥብቆ የሚይዝ፣ ከሥሩም አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ያለችው መያዣ ነው። መንኮራኩሯ በድንጋዩ ላይ ስትሽከረከር ብረቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ማዕዘን ይቆያል። ማዕዘኑን የሚወስነው ከመያዣው ወጥቶ የሚታየው የብረት ርዝመት ነው፤ ርዝመቱ ሲያጥር ማዕዘኑ ይሰፋል፤ ሲረዝም ይጠብባል።

ከእነዚህ መያዣዎች እጅግ የታወቀው በእንግሊዝ ሲሠራ የኖረው ኤክሊፕስ 36 ነው፤ ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት ርካሾች አብዛኞቹ የእርሱ ቅጂዎች ናቸው። በዚህ ዓይነት መያዣ መሮ 40 ሚሊ ሜትር ሲወጣ 25 ዲግሪ፣ 30 ሚሊ ሜትር ሲወጣ 30 ዲግሪ ይሆናል። የመላጊያ ምላጭ ከፍ ባለው የመያዣው ክፍል ስለሚታሰር ልኩ ይለያል፤ 50 ሚሊ ሜትር ለ25 ዲግሪ፣ 38 ሚሊ ሜትር ለ30 ዲግሪ ነው። ቅጂዎቹ እርስ በርሳቸው ትንሽ ስለሚለያዩ፣ መጀመሪያ ላይ ሰያፉን ከላይ በተገለጸው የእጥፍ ስሌት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በየጊዜው በማስመሪያ ከመለካት ይልቅ አንድ የልክ ጣውላ መሥራት ይጠቅማል። በአንድ ቁራጭ ጣውላ ላይ ትንንሽ እንጨቶች ከጣውላው ጠርዝ 30፣ 38፣ 40ና 50 ሚሊ ሜትር ርቀው ይቸነከራሉ። ሠልጣኙ መያዣውን በጠርዙ ላይ አስደግፎ የብረቱን ጫፍ እስከሚፈለገው እንጨት ያደርሳል፤ ከዚያም ብሎኑን ያጠብቃል። በዚህ መንገድ ማክሰኞ የሳለውና ዓርብ የሳለው፣ አንዱ ሠልጣኝ የሳለውና ሌላው የሳለው አንድ ይሆናል። ዋናው ጥቅሙም ይህ ነው፤ ማዕዘኑ ካልተለወጠ የሚነሣው ብረት ጥቂት፣ ሥራውም አጭር ይሆናል።

አንዳንድ መምህራን መያዣ መጠቀምን እንደ ስንፍና ይቆጥሩታል። ይህ ሊታረም የሚገባው አስተሳሰብ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ በብራና ላይ መስመር አስምሮ እንደሚጽፍ ሁሉ ጀማሪ አናጢም ማዕዘኑን የሚያስምርለት ነገር ቢኖረው የሚያሳፍር አይደለም። እጁ ሲለምድ መያዣውን ይተወዋል፤ ባይተወውም የሚጎዳው የለም።

የአሳሳሉ ቅደም ተከተል

1. ጀርባውን ማስተካከል። መሮው ጀርባው ድንጋዩ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ከጫፉ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ብቻ ይታሻል። በሸካራው ይጀመራል፤ ጭረቱ በሙሉ ወጥ ሲሆን ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ደቃቁ ይታለፋል። እጀታውን በፍጹም ከፍ ማድረግ አይገባም፤ ጀርባው ከተሰየፈ መሮው ቀጥ ብሎ መሄዱን ያቆማል። ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ መሣሪያ የሚደረገው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው።

2. ሰያፉን በ25 ዲግሪ መቅረጽ። ይህ የሚያስፈልገው ጫፉ ሲሸራረፍ ወይም ማዕዘኑ ሲበላሽ ብቻ ነው። ብረቱ በመያዣው ታስሮ፣ ጫፉ ከጎኑ ጋር ቀጥ ማለቱ በእስኳድራ ይረጋገጣል። ሰያፉን በማርከር ቀለም ቀብቶ ጥቂት ጊዜ በድንጋዩ ላይ መሳብ ብረቱ የት እንደሚነካ ያሳያል። ቀለሙ በአንድ ጎን ብቻ ከጠፋ ብረቱ ተጣሞ ታስሯል።

3. ጫፉን በ30 ዲግሪ ማሳል። ብረቱን በመያዣው ውስጥ አሳጥሮ በመካከለኛው ድንጋይ ላይ በሁለት ጣት ለስለስ ባለ ግፊት ይሳባል። ምልክቱ ይህ ነው፤ በጀርባው በኩል፣ በጫፉ ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ እንደ ክር የቀጠነ ብረት ይወጣል። ይህን የብረት ክር በአውራ ጣት ከብረቱ መካከል ወደ ጫፉ አቅጣጫ፣ ከጠርዙ ወደ ውጭ በመዳሰስ ማወቅ ይቻላል። ጣት በስለቱ ርዝመት ላይ በፍጹም አይሄድም። ክሩ ከዳር እስከ ዳር ካልተገኘ ሰያፉ ገና ከጀርባው ጋር አልተገናኘም፤ ወደ ሚቀጥለው ድንጋይ መሻገርም አይገባም። ሠልጣኞች ከሁሉ አብዝተው የሚቸኩሉት በዚህ ደረጃ ላይ ነው።

4. በደቃቁ መወልወል። በዚያው ማዕዘን፣ ይበልጥ በቀለለ ግፊት፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ መሳብ ይበቃል። በጫፉ ላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ጠባብ መስመር ይታያል።

5. የብረቱን ክር ማንሣት። ብረቱ ከመያዣው ይወጣና ጀርባው በደቃቁ ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ጥቂት ጊዜ ይታሻል። ከዚያ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተለጠፈ ቆዳ፣ የብረት መወልወያ ቅባት ተቀብቶ፣ አንዴ በሰያፉ አንዴ በጀርባው ወደ ኋላ ይሳባል። ክሩን በጣት መስበር ስለቱን አብሮ ይሸራርፈዋል።

ስለት መያዙን ለማወቅ ጣትን ወይም የክንድን ፀጉር መፈተኛ ማድረግ አያስፈልግም። ሁለት አስተማማኝ ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው በብርሃን ነው፤ ስለቱን ወደ መስኮት አዙሮ ሲያዩት ቀጭን ነጭ መስመር ካንጸባረቀ እዚያ ላይ የከበበ ብረት አለ። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን የሚመልስ ፊት ስለሌለው አይታይም። ሁለተኛው በእንጨት ነው፤ የዝግባን ወይም የሌላ ለስላሳ እንጨት የተቆረጠ ጫፍ በእጅ ግፊት ብቻ መላግ ነው። ስል መሮ የእንጨቱን ክር ሳይደቁስ አንጸባራቂ ፊት ይተዋል፤ የደነዘው ዱቄትና የተጨፈለቀ ፊት ይተዋል።

የመላጊያ ምላጭ ልዩ ጉዳዮች

የመላጊያ ምላጭ የሚሳለው እንደ መሮ ነው፤ ሆኖም ሦስት ተጨማሪ ነገሮች አሉት። በተለመደው መላጊያ ምላጩ ሰያፉ ወደ ታች ሆኖ በ45 ዲግሪ ስለሚቀመጥ፣ ሰያፉ 30 ዲግሪ ቢሆን ከእንጨቱ ጋር 15 ዲግሪ ክፍተት ይቀረዋል። በግምት ሲሞረድ ማዕዘኑ ሰፍቶ 45 ዲግሪ ከደረሰ ይህ ክፍተት ይጠፋል፤ የሰያፉ ተረከዝ እንጨቱን እየነካ ምላጩ እንዳይገባ ያደርጋል። ጠርዙ ስል ሆኖ ሳለ የማይልግ መላጊያ ሲያጋጥም በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህ ነው።

ሁለተኛው የምላጩ ማዕዘኖች ናቸው። ምላጩ ፍጹም ቀጥ ካለ ሁለቱ ዳርቻዎቹ በሰፊ ጣውላ ላይ ቦይ የመሰለ ምልክት ይተዋሉ። በደቃቁ ድንጋይ ላይ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ስበቶች ግፊቱን አንዴ ወደ ቀኝ ዳር፣ አንዴ ወደ ግራ ዳር ማድረግ ዳርቻዎቹን በጥቂቱ ያጎድላቸዋል፤ ምልክቱም ይቀራል።

ሦስተኛው በምላጩ ላይ የሚታሰረው ደራቢ ብረት ነው። ጠርዙ በምላጩ ጀርባ ላይ ያለ ምንም ክፍተት መቀመጥ አለበት፤ ክፍተት ካለ ፍቅፋቂው እየገባ መላጊያውን ይዘጋዋል። ስለዚህ የእርሱም ጠርዝ በድንጋይ ይስተካከላል። ከምላጩ ጫፍ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ሆኖ ሲታሰር፣ ክሩ በተዘበራረቀ እንጨት ላይ እንኳ መቦጨቁን ይቀንሳል።

ስለ ኤሌክትሪክ ግራይንደር

ግራይንደር ባለበት የሥራ ክፍል ሁሉ መሮን በእርሱ ለመሳል መሞከር የተለመደ ነው። ግራይንደር በጣም የተሸራረፈን ብረት ቅርጽ ለማስያዝ ሊጠቅም ይችላል፤ ስለት ግን አያወጣም። አደጋው ሙቀቱ ነው። የመሮ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በእሳት ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ በልክ እንደገና በመሞቁ ነው። ጫፉ በግራይንደር ላይ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ከዚያ ልክ አልፏል፤ ያ ክፍል ለስላሳ ሆኗልና ምንም ቢሳል ቶሎ ይታጠፋል። ሰማያዊው ቀለም ቢወለወልም ልስላሴው አይመለስም፤ የተቃጠለው ክፍል በሙሉ ተፍቆ መውጣት አለበት። ስለዚህ በግራይንደር የሚሠራ ሰው ብረቱን በባዶ እጁ እየያዘ፣ ሙቀት እንደተሰማው ወዲያው ውሃ ውስጥ ይንከር፤ የዐይን መከላከያ መነጽርም አይለየው።

ከሰበካው ኮሚቴ የሚጠበቀው

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 እንደምናነብበው፣ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ ባልነበረበት ዘመን ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን መውረድና ዋጋ መክፈል ግድ ሆኖበት ነበር። መሣሪያ ኖሮት መሳያ የሌለው ሕዝብ የሌላ ሰው ጥገኛ ነው። የአጥቢያዎቻችን የሥራ ክፍሎችም ከዚህ እንዲጠበቁ ኮሚቴዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ መልካም ነው።

በግዥ ጊዜ፦ የመሮና የመላጊያ ግዥ ሲጸድቅ የመሳያው ዕቃ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይካተት። ዝቅተኛው ዝርዝር ይህ ነው፤ አንድ ባለሁለት ፊት ድንጋይ ወይም መስተዋትና ወረቀት፣ አንድ ማዕዘን ጠባቂ መያዣ፣ አንድ እስኳድራ፣ በእንጨት ላይ የተለጠፈ ቆዳ፣ መወልወያ ቅባትና የስፌት መኪና ዘይት። በጀቱ ከጠበበ የመሮዎቹን ቁጥር መቀነስ ይሻላል። ስል የሆኑ 6፣ 12ና 25 ሚሊ ሜትር መሮዎች ከዐሥር የደነዙ ይልቅ ብዙ ሥራ ይሠራሉ።

በቦታ ረገድ፦ ለመሳያ የተለየ ጠረጴዛ በመስኮት አጠገብ ይዘጋጅ። ድንጋዩ ከሣጥን ውስጥ ተፈልጎ የሚወጣ ከሆነ ማንም አይስልም፤ በሥራው ቦታ ተዘርግቶ ከተገኘ ግን ሁሉም ደነዘ ባለ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል።

በኃላፊነት ረገድ፦ ከሠልጣኞች አንዱ በየሳምንቱ በተራ የመሳያው ጠባቂ ይሁን። ሥራውም ድንጋዮቹን ማስተካከል፣ ቅዳሜ ከሥራ መልስ መሣሪያዎቹን መቁጠርና ስለታቸውን በብርሃን መመርመር ነው። መሮዎች በሣጥን ውስጥ ተደራርበው ሳይሆን በየማስቀመጫቸው ይቁሙ፤ በክረምትም በዘይት በረጠበ ጨርቅ ይታሹ፤ ዝገት ጀርባቸውን ከበላው የመጀመሪያው አድካሚ ሥራ ከሀ ይጀመራልና።

በሥልጠና ረገድ፦ መሳል የመጀመሪያው ትምህርት ይሁን እንጂ ጊዜ ሲተርፍ የሚነካ አይሁን። ሠልጣኙ ተሸራርፎ የተሰጠውን መሮ በራሱ ስሎ የዝግባን ጫፍ ንጹሕ አድርጎ ሳይልግ የምስክር ወረቀት ባይሰጠው ይመረጣል። ሲመረቅ መሣሪያ የሚሰጠው ከሆነም ድንጋዩና መያዣው አብረው ይሰጡት።

በቁጥጥር ረገድ፦ የሥራ ክፍሉን የሚጎበኙ ካህናትና የኮሚቴ አባላት የተሠራውን ወንበርና በር ከማየት ጋር አንድ መሮ አንሥተው ወደ ብርሃን ይዩት። ነጭ መስመር ካንጸባረቀ ስለ ድንጋዩ ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ከብዙ የዘገባ ገጽ ይልቅ የሥራ ክፍሉን ሁኔታ ይገልጣል።

በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በእንጨት የተቀረጹትን የእንስሳት ምስሎች ያየ ሰው፣ የቀደሙት ጠራቢዎች ምን ያህል ጥንቃቄ ያለው እጅ እንደነበራቸው ያስተውላል። የእነርሱን ጥበብ ለመውረስ የምንችለው መሣሪያ በመግዛት ብቻ አይደለም። መሮ በአንድ ቀን ይገዛል፤ ስለቱ ግን በየቀኑ ይጠበቃል። ይህን መጠበቅ የሚያውቅ አንድ ወጣት በአጥቢያው ካለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት፣ የትምህርት ቤቱ ዴስክና የራሱ እንጀራም አብረው ይጠበቃሉ።